የከፋ ነገሥታት ምልክት

የነገሥታት መታሰቢያ የድንጋይ ግንብና ሐውልት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ወደ ከፋ ቢመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከቦንጋ እስከ ዋጫ ደኑንና ኰረብታውን ተመልክቶ፥ «በዚህስ አገር ንጉሥ ነግሦበት ያውቃልን?» ይላል። ነግሦበታል፤ ያውም ከ500 ዓመት በላይ።

የአገሩ ትውፊት እንደሚለው የሚንጆ ወገን በ1390 ገደማ (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) መንግሥቱን ከማቶ ወገን ወሰደ፤ የመጀመሪያ መናገሻውንም በሻዳ አቆመ። ከዚያ በፊት የነበሩት የማቶ ነገሥታት 32 ናቸው ይባላል። ነገር ግን አምኖን ኦረንት የተባለ የሕዝብ ታሪክ መርማሪ በ20ኛው መቶ ዓመት ሽማግሎችን በጠየቀ ጊዜ፥ ከ32ቱ ያንዱን ስም እንኳ የሚያስታውስ አላገኘም። እንደ ጥላ አለፉ።

አሁን፥ አንባቢ ሆይ፥ ለማነጻጸር ያህል የቃኘው ወታደሮቻችን በ1951 ወደ ዘመቱበት ወደ ኮርያ እንሻገር። የጆሶን ነገሥታት ቤት የተመሠረተው በ1392 ነውና ከሚንጆ ጋራ እኩያ ነው ማለት ይቻላል። በሴኡል ያለው ታላቁ ቤተ መንግሥታቸው ግዮንግቦክጉንግ በእንጨት የታነጸ ነበርና በ1592 ጦርነት ተቃጠለ፤ ከ270 ዓመት በላይ ፈርሶ ኖሮ በ1867 ዳግመኛ ተሠራ። የሕንጻው እንጨት አልቆ ነበር፤ የቦታውና የነገሥታቱ ነገር ግን በጸሓፊዎች እጅ ተጠብቆ ነበር። 40 መካነ መቃብራቸውም በ2009 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

በ1897 የኮርያው ንጉሥ ጎጆንግ «ንጉሠ ነገሥት» ተብለው ስማቸው ከፍ ሲል፥ በዚያው ዓመት የከፋ መንግሥት ወደቀ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ዘመቱ፤ የመጨረሻው ታቶ (ንጉሥ ማለት ነው) ጋኪ ሸሮቾ ብዙ ወራት በደን ተዋግተው ተማረኩ፤ በ1919 በአዲስ አበባ ሞቱ። መናገሻቸው አንደራቻም በዚያ ጦርነት ጠፋች።

ታዲያ ምን ቀረ? አንደኛው ጕድባው ነው። ከፋዎች አገራቸውን በጥልቅ ጕድባ አጥረው፥ መግቢያውን በበሮች ይጠብቁ ነበር። ይህን ያህል አፈር በእጅ መቈፈር ግንብ ከማቆም አያንስም፤ ይሁን እንጂ ግንብ ራሱን ያስታውቃል፥ ዛፍ የበቀለበት ጕድባ ግን ጐርፍ የቈፈረው ገደል ይመስላል። የማያውቅ ገበሬ ቢደፍነው ማን ይወቅሰዋል?

ሁለተኛው የባሐ ጊዮርጊስ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የከፋ ቤተ መንግሥት ክርስትናን ተቀበለ፤ በባሐም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ፤ የንጉሡ ስም ያለበት ታቦትም በዚያ ተጠበቀ። ኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ ክርስትናውም ከሞላ ጐደል ጠፋ። ሕዝቡ ግን ያን ስፍራ በጊዮርጊስ ስም የሚከበር የሥርዓት ቤት አድርጎ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጠበቀው። ቅዳሴው ሲቀር ስሙ አልቀረም።

ዘውዱም ብዙ ተጕዟል። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ወደ አገሩ ወስዶት ነበር፤ በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስዊስን ሲጐበኙ ተመለሰላቸው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ቢበርም በ1905ና በ1909 ወደ ከፋ መጥቶ ያየውንና የሰማውን በ1920ና በ1923 በሁለት ጥራዝ አሳተመ፤ ግን በጀርመንኛ ነው፤ የጕድባው ባለቤት ሊያነበው አይችልም።

ስለዚህ በየአጥቢያው ብዕር የሚይዝ ካህንና የተማረ ሰው፥ የበሮቹን፥ የመናገሻዎቹንና የጕድባዎቹን ስም ከሽማግሎች አፍ ተቀብሎ በከፍኛም በዐማርኛም ይጻፍ። ከጎጀብ መሻገሪያ ቢጀምር መልካም ነው፤ ታቶ ጋኪ ታስረው ወንዙን ሲሻገሩ የንግሥናቸውን ቀለበት ወደ ውኃው ጣሉ የሚለው ነገር ዛሬም ይነገራልና።