የእረኛው ዋሽንት ከመስክ እስከ ኦርኬስትራ

እንደሚታወቀው በገጠራችን ሥራና ዜማ ተለያይተው አያውቁም። እረኛው ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት ይነፋል፤ ደቦ የወጣው ገበሬ እያዜመ ያጭዳል፤ በአውድማ በሬዎቹን እያሞገሰ ይወቃል፤ እናቶችም ሲፈጩ ያንጎራጉራሉ። ይሁን እንጂ ይህ ሀብት ለረጅም ዘመን እንደ ዕውቀት አልተቆጠረም። ‹‹አዝማሪ›› የሚለው ስም እንኳ መናቂያ ሆኖ ቆይቷል። ይህን አመለካከት ለመለወጥ ከደከሙት ምሁራን አንዱ የሙዚቃ ደራሲና ተመራማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

ፕሮፌሰር አሸናፊ በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1954 ዓ.ም. ከተመረቁ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ።

ምንም እንኳ የከተማ ልጅ ቢሆኑም ለድርሰታቸው መነሻ የፈለጉት ገጠር ነው። ከታወቁት ሥራዎቻቸው አንዱ ‹‹እረኛው ዋሽንት ነፊ›› ይባላል። ከሸምበቆ የሚሠራውና ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው የእረኛ መሣሪያ የኦርኬስትራ ድርሰት ርዕስ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ ራሳቸው እየመሩ ድርሰቱን አስደመጡ። ሃንጋሪዎችም ‹‹ጥቁሩ ኮዳይ›› አሏቸው። ዞልታን ኮዳይ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ከመንደር መንደር እየዞረ የገበሬውን ዘፈን የመዘገበ የሃንጋሪ የሙዚቃ ደራሲ ስለነበር ስያሜው ትልቅ ክብር ነው።

በምርምሩም በኩል በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ባቀረቡት ጥናት በ1963 ዓ.ም. ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ስለ አዝማሪና ‹‹የሰይጣን መሣሪያ›› ይባል ስለነበረው ክራር የጻፏቸው ጽሑፎች በውጭ አገር የምርምር መጽሔቶች ታትመዋል። በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ አረፉ።

ውድ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣ ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከታል። የመውቂያ ማሽን መግባት ድካምንና የምርት ብክነትን ስለሚቀንስ የምንደግፈው ነው። ነገር ግን ማሽኑ ሲገባ የአውድማው ዜማ መዜሚያ ቦታ ያጣል፤ የሚያውቁት አረጋውያንም እያለፉ ነው። ስለሆነም እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የአካባቢውን የሥራ ዜማ በስልክም ቢሆን ቀድቶ፣ የአዜመውን ሰውና የቀበሌውን ስም ጽፎ፣ አንዱን ቅጂ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ቢያስረክብ መልካም ነው። ዘሩን ለከርሞ የሚያስቀምጥ ገበሬ ዜማውንም ማስቀመጥ አያቅተውም።