መብራት ሲመጣ



ከካምፓላ በስተ ደቡብ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ሙንዮንዮ የሚባል ሰፈር አለ። ዛሬ ሙንዮንዮ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሐይቁን ታክኮ የተዘረጋውን ትልቁን ሆቴል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም የተሰበሰቡት እዚያው ነበር። ድሮ ግን የቡጋንዳ ንጉሥ የካባካ ምዋንጋ ግቢ ነበረበት፤ በግቢውም አንድሪያ ካግዋ የሚባል የከበሮ መቺዎች አለቃ ነበር። ይህ ካግዋ ልጅ ሳለ ከቡንዮሮ ተማርኮ መጣ፣ በግቢው አደገ፣ ከበሮ መምታት ተማረ፣ ከዚያም ሌሎቹን አስተማረ፣ ከዚያም ክርስትና ተነሣ፣ ከዚያም ንጉሡ በክርስቲያኖቹ ላይ ተነሣባቸውና እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 1886 ካግዋን ያዙት። የንጉሡ ዋና ሹም፣ የዚህ ሰው ክንድ ተቆርጦ ካልመጣልኝ እህል አልቀምስም ብሎ ነበር ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክንዱን ቆረጡት፣ አንገቱን ከዚያ በኋላ። በቦታው ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ በ2015 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ሳይቀሩ መጥተው ጎብኝተውታል።

ያ ክንድ መቶ ዓመት አልፎትም ይታወሳል፤ መታወሱም የተገባ ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ማሽን ስለበላቸው፣ ማንም ሐውልት ስላላቆመላቸው ክንዶች ነው።

ከሙንዮንዮ ወደ ከተማ ስትመለሱ፣ በቡንጋ አድርጋችሁ፣ ካንሳንጋን አልፋችሁ፣ ካባላጋላ ትደርሳላችሁ። ዝናብ ከሆነ ቀዩ አፈር አስፋልቱ ላይ ይወርዳል፣ የቦዳ ቦዳ ነጂዎች ሞተራቸውን ገፍተው ከየሱቁ በረንዳ ሥር ይጠጋሉ፣ ዝናቡም አንድ ጊዜ ወርዶ ቀጥ ይላል። ካባላጋላ የእኛ ሰዎች የከተሙበት ሰፈር ነው፤ እጣኑም በርበሬውም ከመንገድ ይሸታል። በ2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ምሽት ቦምብ የፈነዳበት የኢትዮጵያ ምግብ ቤትም እዚያ ነበር፤ የዚያን ምሽት ሙታን ነፍስ ይማር፤ አገር አልቅሶላቸዋል። ወደ መሀል ከተማ ገባ ስትሉ ደግሞ ኪሴንዪ አለ፤ የበቆሎ ወፍጮ ከወፍጮ ተጠግቶ የሚጮኽበት ሰፈር።

ማሽን ሰውን የሚጎዳው ሲሠራ ብቻ ይመስለናል። ሲሠራማ ይጮኻል፣ ሰውም ይፈራዋል፣ እጁንም ይሰበስባል። ክፉው ሰዓት ማሽኑ ዝም ያለ ጊዜ ነው፤ ሊጸዳ ሲል፣ አንድ ነገር ተቀርቅሮበት ሊወጣለት ሲል።

ስም የማልሰጣት አንዲት ልጅ እናስብ። ካባላጋላ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ፣ ሊጥ ማቡኪያው ፊት ቆማለች። መብራት ሄደ። ማሽኑ ቆመ። መብራት እስኪመጣ ላጽዳው አለች፤ ማን ሥራ ፈቶ ይቆማል? እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ከገንዳው ውስጥ እስከ ክርኗ ገባች፣ መቅዘፊያው ላይ የደረቀውን ሊጥ በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ማብሪያ ማጥፊያውን ግን የነካው የለም፤ እንደበራ ነው። መብራት ሄደ ማለት ማሽኑ ጠፋ ማለት አይደለማ! ከዚያ መብራት መጣ። መብራት ሲመጣ ሰፈሩ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ አዲስ አበባም ካምፓላም ያው ነው፤ ልጆች እልል ይላሉ፣ ሬዲዮውም ካቆመበት ይቀጥላል። የእሷን ጩኸት በዚያ እልልታ መካከል ለይቶ የሚሰማው ማን ነው?

የኪሴንዪ ወፍጮ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። እርጥብ በቆሎ ገብቶ ወንፊቱን ሲደፍነው ሞተሩን ያጠፉታል፣ ክዳኑን ይከፍቱታል። ውስጥ ያሉት መዶሻዎች ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በነበራቸው ፍጥነት ይዞራሉ፤ በፍጥነት የሚዞር ብረት ደግሞ ለዓይን የሌለ ይመስላል።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያ፣ በአንድ የቱና ዓሣ ፋብሪካ፣ አንድ የ62 ዓመት ሠራተኛ ሊጠግን ወደ ትልቅ ምድጃ ገባ፣ ባልደረቦቹም ሽንት ቤት የሄደ መሰላቸው፣ ከዚያም ከ5 ቶን በላይ ዓሣ አስገብተው በሩን ዘጉ፣ ምድጃውንም ለኮሱ። ያገኙት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በ2015 ኩባንያው 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እንግሊዞች እንኳ፣ ልጆች በሚዞር ማሽን ውስጥ ገብተው እንዳያጸዱ በሕግ የከለከሉት በ1844 ነው፤ ስንት ጣት ካለቀ በኋላ እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ሰው ተጎድቶ ሐኪም ቤት ሲተኛ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? «ምን እጅህን አስገባህ?» ነው። ጥያቄው ራሱ ግፍ ነው፤ ያጸዳው ለማን ሆኖ! ደስ የሚለኝ፣ የኡጋንዳ የሠራተኞች ካሳ ሕግ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ሠራተኛው ቸልተኛ ነበር ቢባልም ካሳው አይቀርበትም፤ በቃል ብቻ የተቀጠረም ሠራተኛ ነው። ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ለማይችል ሰው የ60 ወር ደመወዝ ይከፈለዋል። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይላል። ብትቆጥሩት ያው ነው፤ ሁለቱም አገሮች አምስት ዓመት ላይ ተገናኙ። ልጅቷ 22 ዓመቷ ቢሆን፣ ሙሉው ቢከፈላት እንኳ፣ 27 ሲሞላት ሒሳቡ ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ ከካሳው በፊት ስላለው ጥንቃቄ ላውራችሁ፤ እሱ ርካሽ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ፣ ይህን የሚያዝ ደንብ አለ፤ በዓመት 120 ሞትና 50,000 ጉዳት ያስቀራል ተብሎ ይገመታል። አሠራሩ የተማረ አይፈልግም። ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ኃይሉ ከምንጩ ይቋረጣል፣ ከዚያም የሚዞረው ሁሉ እስኪቆም ይጠበቃል፣ ከዚያም ማስነሻው ተሞክሮ አለመነሣቱ ይረጋገጣል። ትንሽ ማሽን ከሆነ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ ጫፉን ከዓይን ሥር ማኖር ይበቃል። ትልቅ ከሆነ ቆጣሪው አጠገብ ያለው ማቋረጫ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፉም በአለቃ ኪስ አይገባም፣ እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ነው የሚውለው። ሦስት ሰው የሚገባ ከሆነ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ ሁለቱ ጨርሰው፣ የየራሳቸውን ከፍተው፣ ወጥተው ቡናቸውን ቢጠጡ እንኳ፣ ሦስተኛው ወጥቶ የራሱን በእጁ እስኪከፍት ድረስ መብራት መጣ አልመጣ ያ ማሽን አይነሣም።