መንደርደሪያ፦ የልጆች ፊልም የመጀመሪያ ደቂቃዎች

ኦፕኒንግ ሲኩዌንስ የሚባለው ከፊልሙ የመጀመሪያ ምስል አንስቶ ታሪኩ በራሱ እግር መሄድ እስኪጀምር ድረስ ያለው ክፍል ነው። አንዳንዱ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ አንዳንዱ አራት ደቂቃ ይፈጃል። የፊልሙ ርዕስ፣ የዋና ዋና ሠሪዎቹ ስም፣ ሙዚቃና ጥቂት ምስሎች ይገኙበታል። ዋና ሥራው ግን ስም መዘርዘር አይደለም። ተመልካቹ ምን ዓይነት ዓለም ውስጥ እንደገባ፣ ሊስቅ ነው ወይስ ሊፈራ፣ ዓይኑንስ ማን ላይ ማሳረፍ እንዳለበት ሳይነገረው እንዲገባው ያደርጋል።

ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ መጀመሪያ ሲኩዌንስን መፍታት ያስፈልጋል። ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንድ ቁራጭ ሾት ነው። በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ የሚሆነውን የሚያሳዩ ሾቶች ተሰብስበው ትዕይንት ይሆናሉ። በአንድ ሐሳብ የተያያዙ ትዕይንቶች ደግሞ ሲኩዌንስ ይባላሉ። ስለዚህ «የመክፈቻ ትዕይንት» የሚለው አጠራር ነገሩን ያሳንሰዋል። «የፊልም መግቢያ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የትኬቱን ዋጋ ነው። «መክፈቻ» ብቻውን ሲቆም ሪባን የሚቆረጥበትን ሥነ ሥርዓት፣ ካልሆነም የጠርሙስ መክፈቻን ያስታውሳል።

የሚሻለው «መንደርደሪያ» ነው። ዘላይ ከመዝለሉ በፊት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይንደረደራል፤ ጉልበቱን የሚያጠራቅመው በዚያች ሩጫ ነው። ተናጋሪና ጸሐፊም ዋናውን ጉዳይ ከማንሳታቸው በፊት ለሚያስቀድሙት ሐሳብ ቃሉን ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ስለዚህ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ልኩንም በውስጡ ይዟል፦ መንደርደሪያው ከበዛ ዘላዩ መስመሩ ላይ ሳይደርስ ይደክማል። ከዚህ በኋላ «የፊልም መንደርደሪያ» ሲባል ኦፕኒንግ ሲኩዌንስን ማለት ነው።

ቃሉ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ለኢትዮጵያ ልጆች አዲስ አይደለም። ተራኪው «ተረት ተረት» ይላል፤ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። በዚህ ጥሪና መልስ ውስጥ ስለ ታሪኩ የተነገረ አንዳች ነገር የለም። ጅብ ይሁን ጦጣ የሚመጣው ገና አልታወቀም። ነገር ግን ጫጫታው ይበርዳል፣ ልጆቹ ይጠጋጋሉ፣ እንስሳ የሚናገርበት ዓለም መከፈቱን ሁሉም ያውቃል። በቴሌቪዥንም ከ40 ዓመት በላይ የልጆችን ጊዜ የመሩት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ወደ ተረቱ የሚገቡት ሰላምታ ሰጥተው፣ ልጆቹን የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች ብለው ጠርተው ነበር። ያ ሰላምታ በየጊዜው መደጋገሙ አላሰለቸም፤ እንዲያውም ሲጠበቅ የነበረው እሱ ነው። የልጆች ፊልም መንደርደሪያ ከአዋቂዎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አዋቂው ተመልካች እንቆቅልሽ ቢቀርብለት ይታገሳል፤ ልጁ ግን መጀመሪያ መጠራት ይፈልጋል።

የውጭዎቹም ሠሪዎች ወደዚሁ ነው የመጡት። በ1937 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲዝኒ «ስኖው ዋይት» የሚጀምረው አንድ ትልቅ የተረት መጽሐፍ ሲገለጥ በማሳየት ነው፤ የመጽሐፉ ሽፋን «ተረት ተረት» የማለትን ያህል ያገለግላል። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ላየን ኪንግ» በፀሐይ መውጣትና በዝማሬ ተጀምሮ አራት ደቂቃ ያህል አንድም ንግግር ሳይሰማ ይቆያል። ርዕሱ ብቅ የሚለው መጨረሻ ላይ፣ ከከበሮ ምት ጋር ነው። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ምንም አይቀርበትም። በ1963 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ዘ ፒንክ ፓንተር» ደግሞ የአዋቂዎች አስቂኝ ፊልም ነበር፤ በመንደርደሪያው ላይ በሠሪዎቹ ስም መካከል የምትመላለሰው ሮዝ ነብር ግን ከፊልሙ ይልቅ ተወደደች። በዓመቱ የራሷ የካርቱን ፊልም ተሠራላት፣ ኦስካርም አገኘ።

መንደርደሪያን ከትሬይለር ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ትሬይለር ማስታወቂያ ነው፤ ከፊልሙ ልዩ ልዩ ቦታ ምርጥ ምርጡን ቆርጦ ያሳያል፣ ሥራውም ሰውን ወደ አዳራሹ ማምጣት ነው። መንደርደሪያው የሚያነጋግረው ገብቶ የተቀመጠውን ሰው ነው። የተማሪዎች ሥራ በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ነው፦ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማሳደዱንም፣ እርቁንም፣ ጭፈራውንም ከተው ሲጨርሱ የሠሩት ማስታወቂያ ሆኖ ይገኛል። (ዲዝኒ የ«ላየን ኪንግ»ን መንደርደሪያ እንዳለ ወስዶ በትሬይለርነት ማሳየቱ እውነት ነው፤ ይህ ግን የመንደርደሪያው ጥንካሬ ያመጣው ልዩ ነገር እንጂ ደንብ አይደለም።)

መንደርደሪያ ለቡድን ሥራ የሚመች ፈተና ነው። በብሪታኒያ የሚዲያ ትምህርት የሚወስዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሙሉ ፊልም ሳይሆን የአንድ አዲስ ፊልም የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ እንዲሠሩ መታዘዛቸው ለዓመታት የተለመደ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሙሉ ፊልም ገንዘብም ጊዜም ይጠይቃል፤ ሁለት ደቂቃ ግን ጽሑፍን፣ ቀረጻን፣ ድምፅን፣ ኤዲቲንግንና የፊደል ቅርጽን በአንድ ላይ ይፈትናል።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሐዋሳ ውስጥ ታቦር ክፍለ ከተማ ያሉ አምስት ተማሪዎች አንድ አባ ኮዳ የሕፃን ልጅ ደብተር ነጥቆ ስለሚበርበት ፊልም መንደርደሪያ ሊሠሩ ነው እንበል። አባ ኮዳ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ፣ የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቅ የሚውለው መላጣ ረጅም ወፍ ነው። አረማመዱ ብቻውን ልጅ ያስቃል። ቡድኑ በመጀመሪያ የሚወስነው ልጁ ወፉን ሲያይ እንዲስቅ ይፈለግ ወይስ እንዲደነግጥ ነው፤ ሙዚቃውም፣ የካሜራው ከፍታም፣ የፊደሉም ቀለም ከዚህ ውሳኔ ይከተላሉ። ይህ ሳይወሰን ሥራ የተከፋፈለ እንደሆነ ካሜራማኑ የሚያስፈራ ወፍ ቀርጾ ይመጣል፣ ሙዚቃ መራጩ ደግሞ የሚያስጨፍር ዜማ።

ውሳኔው ወረቀት ላይ የሚሰፍርበት ስቶሪቦርድ ይባላል፤ እያንዳንዱ ሾት በትንሽ ሣጥን ውስጥ ተሥሎ በተራ ይደረደራል። ሥዕሉ ማማር የለበትም። ክብ ጭንቅላትና ክር የመሰለ እግር ይበቃል።

ቀረጻው ውጭ ከሆነ ፀሐይ ራሷ የቡድኑ አባል ናት። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ከታቦር ኮረብታ ላይ ወደ ውሃው የሚያነጣጥር ካሜራ ፀሐይን ከጀርባው ያገኛል፤ ውሃውም ጀልባውም ጥርት ብለው ይታያሉ። ወደ ማታ ሲሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ትመጣለች፣ ሰውም ወፍም ጥቁር ጥላ ይሆናሉ። ሁለቱም ያምራሉ፤ ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ ቀርጾ እንደ አንድ ትዕይንት ማያያዝ ግን አይቻልም።

በወረቀት ቆረጣ ለመሥራት ለሚመርጥ ቡድን ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። የወፉ አንገት፣ ክንፍና እግር ተለያይተው ተቆርጠው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ ስልኩ ከላይ በፕላስተር ይታሰራል፤ እግሩ በትንሹ ይገፋና አንድ ፎቶ ይነሳል። ለአንድ ሰከንድ 12 ፎቶ ቢወሰድ ለ90 ሰከንድ 1080 ፎቶ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ፎቶ አሥር ሰከንድ ብቻ ቢበቃ እንኳ ሦስት ሰዓት ነው፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ሥራው ሲታይ ምስሉ እንደ ሻማ የሚርገበገበው በዚህ ነው። መድኃኒቱ መጋረጃውን ዘግቶ በአምፖል መሥራት፣ ስልኩም ብርሃን በራሱ እንዳያስተካክል መቆለፍ ነው።

ርዕሱ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አማርኛም እዚህ ላይ የራሱ ጸጋ አለው። ፊደሎቹ አካል አላቸው። «በ» በሁለት እግሩ የቆመ ነው፤ «ባ» አንዱ እግሩ ረዝሞ የሚያነክስ ይመስላል፤ ስለዚህ «አባ ኮዳ» የሚለው ርዕስ ራሱ እንደ ወፉ እየተንገዳገደ ወደ ምስሉ ሊገባ ይችላል። ፊደል ገና በመቁጠር ላይ ያለ ልጅ እያንዳንዱን ሆሄ እየለየ ስለሚያነብ ጽሑፉ አዋቂው ከሚፈልገው እጥፍ ጊዜ መቆየት፣ ርዕሱም በድምፅ መነገር አለበት። የሠሪዎቹ ስም አብዛኛው ወደ ፊልሙ መጨረሻ ቢሄድ ልጁን የሚከፋው ነገር የለም።

በመጨረሻም መንደርደሪያ ከ«መለያ» ይለያል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተከታታይ ዝግጅታቸውን የሚጀምሩበት፣ በየክፍሉ ሳይለወጥ የሚመለሰው ዜማና ምስል መለያ ይባላል። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ያዘጋጁት፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መለያ ያለው ተከታታይ ነው፤ ባለታሪኳ ፀሐይ የምትባል፣ ከካልሲ የተሠራች የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ልጅ ሌላ ክፍል ሆኖ መለያውን ሲሰማ ከጓዳ ሮጦ ይመጣል። መንደርደሪያ ግን ለአንድ ፊልም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተደግሞ ራሱን የማስለመድ ዕድል የለውም።