ስለ ኮምፒዩተር ትእዛዝ አጭርነትና ዝምታ የተደረገ ታሪካዊ ምርመራ

ባለፈው የትምህርት ዘመን ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን ዶሴዎች በኮምፒዩተር ላይ ሲያስተካክል፥ አሮጌዎቹን ረቂቆች ብቻ ለመሰረዝ አስቦ ሥራውን በሙሉ አጠፋ። ጥፋቱ የአንዲት ባዶ ቦታ ነው። «ረቂቅ» ከሚለው ስምና «ማናቸውም» የሚል ትርጉም ካለው የኮከብ ምልክት መካከል ሳያስበው ክፍተት ስለ ገባ፥ ትእዛዙ «በረቂቅ የሚዠምሩትን አጥፋ» መሆኑ ቀርቶ «ረቂቅንም ሌላውንም ሁሉ አጥፋ» ሆነ። መኪናይቱ አልጠየቀችም፤ ሥራዋን ከጨረሰችም በኋላ አንዲት ቃል አልተናገረችም። በዚያ ማታ ከፊላችን ጓደኛችንን፥ ከፊላችን የመኪናይቱን ሠሪዎች ስንወቅስ አመሸን። ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ መሆኑን የተረዳነው ዘግየት ብለን ነው፤ ይኸውም ይህ ዝምታ ከየት መጣ የሚል ነው።

በ1950ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ፕሮግራሙን በተበሱ ካርዶች አዘጋጅቶ ለኦፕሬተር ያስረክብና ውጤቱን ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግሥቱ ይቀበል ነበር። ከመኪናይቱ ጋር መነጋገር የሚባል ነገር ለብዙው ሰው አልነበረም። በኖቬምበር 1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ ሰዎች አንዱን ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበትን ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለ ሥርዓት አሳዩ። ሰው በጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጦ ትእዛዝ ይጽፋል፤ መልሱም እዚያው ወረቀት ላይ ይታተማል። የትእዛዝ መስመር የምንለው ከዚህ ተወለደ።

ነገር ግን ብዙ ሰዎች በአንድ መኪና ሲገለገሉ የእያንዳንዱ ጽሑፍ የት ይቀመጥ የሚል ችግር መጣ። በ1965 ሮበርት ዴሊና ፒተር ኒውማን ለመልቲክስ ሥርዓት ያቀረቡት አሳብ፥ ማውጫ በማውጫ ውስጥ ሊገባ ይችላል የሚል ነበር። የመዝገብ ቤት ሥራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከክፍሉ ወደ ሣጥኑ፥ ከሣጥኑ ወደ ዶሴው እንደሚኬድ ነው። ልዩነቱ በመልቲክስ ሣጥን ውስጥ ሌላ ሣጥን፥ በዚያም ውስጥ ሌላ፥ እንዲህ እየሆነ ሊቀጥል መቻሉ ነው።

የቤል ላቦራቶሪዎች በ1969 ከመልቲክስ ሥራ ወጡ። በዚያው ዓመት በጋ ኬን ቶምፕሰን ብዙ ሰው በማይፈልጋት ፒዲፒ-7 በምትባል ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ የራሱን ሥርዓት ጀመረ፤ ዴኒስ ሪቺም አብሮት ሠራ። ዩኒክስ የተባለው ይህ ነው። የማውጫውን ዛፍ ከመልቲክስ ወስደዋል፤ ትእዛዞቹን ግን እጅግ አሳጠሩ። መዘርዘር «ኤልኤስ»፥ መቅዳት «ሲፒ»፥ ማዛወር «ኤምቪ»፥ ማጥፋት «አርኤም» ሆነ። ብዙዎች ይህን የሊቆች ኩራት አድርገው ይቈጥሩታል፤ እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር። ምክንያቱ ግን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው መኪና ነው። ሞዴል 33 የተባለው ቴሌታይፕ በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ ያትማል፤ ቁልፎቹም ከባድ ናቸው። 72 ፊደል ያለው አንድ ሙሉ መስመር ከሰባት ሰከንድ በላይ ይፈጃል። «ዶሴው እንደ ትእዛዝዎ ተሰርዟል» የሚል መኪና ባለጉዳዩን በየጊዜው ያስቀምጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ የዩኒክስ የጽሑፍ ማረሚያ «ኢዲ» ስሕተት ሲያገኝ የሚመልሰው አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ቁጠባው አንዳንድ ጊዜ ከልክ አልፏል፤ ቶምፕሰን ዩኒክስን እንደገና ቢሠራ ምን እንደሚለውጥ በተጠየቀ ጊዜ፥ ዶሴ መፍጠሪያ በሆነው «ክሬት» ጫፍ ላይ የጎደለችውን «ኢ» እጨምራለሁ ብሎ መመለሱ ይነገራል።

እንግዲህ ቴሌታይፕ በመስታወት ሲተካ ዝምታው ለምን አልቀረም? ዳግላስ ማክኢልሮይ በ1964 ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ውኃ ጎማ እርስ በርሳቸው መጋጠም አለባቸው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ቶምፕሰን ይህን በ1973 በዩኒክስ ላይ አዋለው። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ፕሮግራም ቃል ለሌላው ምግብ ሆነ። ሥራዬን ጨርሻለሁ እያለ የሚለፈልፍ ፕሮግራም ቀጣዩን ያበላሽበታል። ስለዚህ በወረቀት ቁጠባ የተዠመረው ልማድ ሌላ ምክንያት አግኝቶ ሕግ ሆነ። በኛ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ምክንያት ሲሞት ልማዱ በሁለተኛው ተደግፎ ቆመ።

«አርኤም» የሚያደርገው ነገር ራሱ ቀላል ነው። ስሙን ከማውጫው ይፍቃል፤ የመጨረሻው ስም ሲፋቅ ቦታው ለሌላ እንዲሰጥ ይለቀቃል። ወረቀቱ ለጊዜው በመደርደሪያው ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ቍጥሩ ከመዝገቡ ስለ ጠፋ ግን የሚያገኘው የለም። ይህ አሠራር የተበጀው በአንድ ላቦራቶሪ ለሚተዋወቁ ጥቂት አዋቂዎች ነበር። በ1998 ፒክሳር በተባለው የፊልም ድርጅት ይኸው ትእዛዝ «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም ዶሴዎች ያጠፋ ጀመር። በቴፕ የተያዘውም መጠባበቂያ ሲፈተሽ የማይረባ ሆኖ ተገኘ። ፊልሙ የዳነው ከሥራው ኃላፊዎች አንዷ ልጅ ወልዳ በቤቷ ትሠራ ስለ ነበር፥ ቤቷ ካለው ኮምፒዩተር ቅጂ በመገኘቱ ነው።

ሌሎች በሌላ መንገድ ሄደዋል። ዶስ በማውጫው ያለውን ሁሉ አጥፋ ሲባል እርግጠኛ መሆንህን ይጠይቃል። በ1983 የወጣው የአፕል ሊዛ ደግሞ የሚጣለው ነገር የሚቆይበት ቅርጫት በሥዕል አቀረበ። የዩኒክስ ወገኖችም ጥቂት ተለሳልሰዋል፤ ከፈለግህ በየስሙ የሚጠይቅ ምርጫ አለ። የሰን ኩባንያ ሶላሪስ 10 በ2005፥ የግኑ ፕሮግራሞችም በ2006 የዛፉን ሥር አጥፋ የሚለውን ትእዛዝ አንቀበልም አሉ። ከሥሩ በታች ላለው ግን፥ መጻፍ የተከለከለበት ዶሴ ካልሆነ በቀር፥ «አርኤም» ዛሬም ሳይጠይቅ ያጠፋል፤ የጓደኛችን ረቂቅም የነበረው እዚያው ነው።