የፍተሻ ቋት

የፍተሻ ቋት አንድ ፕሮግራም በተገነባ ቁጥር ኮዱን በራሱ ለሚፈትሸው ሥርዓት ብቻ የሚዘጋጅ ዳታቤዝ ነው። ዋናው ቋት የታካሚ ወይም የተማሪ መዝገብ ይይዛል፤ ይሄኛው ግን ለፍተሻ የተፈጠረ ውሸት ብቻ።

ዳታቤዙ አብዛኛውን ጊዜ መረጃን በሠንጠረዥ የሚይዘው፣ «ተዛማጅ» (ሪሌሽናል) የሚባለው ዓይነት ነው። ስሙ ሠንጠረዦች ስለሚዛመዱ የወጣ ይመስላል፤ የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያቀርብ ግን «ሪሌሽን» ያለው፣ ቃሉን ከሒሳብ ወስዶ፣ ራሱን ሠንጠረዡን ነበር።

ለፍተሻ ቋቱ ዋናውን ጭራሽ መንካት የማይችል የራሱ ተጠቃሚ ይከፈትለታል። ግንባታውን የሚያካሂደው ሥርዓት፣ ጄንኪንስ ይሁን ሌላ፣ ግንባታው ሲጀምር ባዶ ቋት ይፈጥራል፣ ሠንጠረዦቹን በስክሪፕት ይዘረጋል፣ ጥቂት ናሙና ይጭናል፣ ሲጨርስ ያፈርሰዋል። እያንዳንዱ ፍተሻም የጻፈውን ሮልባክ በሚባለው ወደኋላ መመለሻ ትእዛዝ ይሰርዛል፤ አለዚያ ቀጣዩ ፍተሻ ያለፈው በራሱ ይሁን በቀደመው ትራፊ አይታወቅም። ዋናው ቋት የሚሠራው ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ከሆነ ፍተሻውም በፖስትግሬስ ይሁን። ይቀላል ተብሎ ኤስኪውላይት የተባለው ሌላ ዳታቤዝ ከገባ፣ ለቁጥር በተተወው ዐምድ ላይ ፊደል ቢጻፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይቀበላል።

ዋናው ነገር ናሙናው ነው። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ጋፋት ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ልጅ ለፋርጣ ወይም ለላይ ጋይንት ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ፕሮግራም ቢሠራ፣ ናሙናው ውስጥ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ያስገባ። የቋቱ የቀን ዐምድ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ ተቀምጦ፣ ሲነበብ ጳጉሜን 6 ሆኖ መመለስ አለበት። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» የሚሉ ሁለት መዝገቦችም ይግቡ። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለቋቱ ሁለት። ካርድ አውጪው በአንዱ ጽፎ በሌላው ቢፈልግ «አልተገኘም» ይባላል፣ ለአንዲት ሴት ሁለተኛ ካርድ ይወጣል። ይህን የሚይዝ ፍተሻ ከውጭ ተገልብጦ አይገኝም፤ ራሳችን መጻፍ አለብን። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ላይ ለሚሠራ ደግሞ በግዕዝ ፊደል አንድ ቃል ጽፎ የሚያነብ ፍተሻ አይቅርበት፤ ከ8.0 በፊት በነባሪው ቅንብር ፊደላችን ተቀባይነት ሊያጣ ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊመለስ ይችል ነበር።

ናሙና ፍለጋ ብላችሁ ግን የእውነተኛ ታካሚ መዝገብ ወደ ፍተሻ ቋት አትገልብጡ።