የልብስ ሱቅ ሠራተኛና አሠሪ በጉራጌ ከተሞች

የጉራጌ ሕዝብ የንግድ ታሪክ ሲወሳ በአብዛኛው የሚነገረው ስለ ባለሱቁ ነው፤ ከባንኮኒው ጀርባ ስለሚቆመው ሠራተኛ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያውን ከአራዳ አዛውሮ መርካቶን ሲያቋቁም፣ የጨርቃ ጨርቁ ንግድ በአመዛኙ በዐረብና በህንድ ነጋዴዎች እጅ ነበር። ከገጠር የመጣው የጉራጌ ወጣት በተላላኪነትና በአዟሪነት ጀምሮ ቀስ በቀስ ባለሱቅ ሆነ፤ በተራውም የወንድሙን ልጅ አስመጣ። ይኸው ልማድ በወልቂጤና በቡታጅራ የልብስ ሱቆችም ይታያል።

በልማዱ መሠረት ልጁ ምግብና ማደሪያ ያገኛል፤ ደመወዝ አይቆረጥለትም፤ የድካሙ ዋጋ ሲጎለምስ የሚሰጠው መነሻ ገንዘብ ነው። ይህም ለብዙዎች ትምህርት ቤትም ባንክም ሆኗል። ነገር ግን የመነሻው ልክና ጊዜ በአሠሪው ልብ ብቻ ያለ በመሆኑ፣ አሠሪው ቢሞት ወይም ቢቀየም የዓመታት ድካም ማስረጃ ያጣል። የመስቀል ገበያ ሲደራ የሥራው ሰዓት ገደብ የለውም። ቆጠራ በሌለበት ሱቅም ልብስ ቢጎድል ስርቆትን ከስሕተት መለየት ስለማይቻል ጥርጣሬው በልጁ ላይ ይወድቃል።

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዝዞ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የጽሑፍ ውል ከሌለም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቻችን ተግባር ባለሱቁን ቆጠራና ውል ማስለመድ ነው። በጽሑፍ የሰፈረ ቃል ዝምድናንም ከጠብ ይጠብቃል።