ከቀላድ እስከ እጅ ስልክ፦ የማሳ ልኬትና ቁጥጥር ታሪክ

በአገራችን መሬት በተለካ ቁጥር ገበሬው መሥጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን በስፋት የተዘረጋው የቀላድ ሥርዓት፣ ከ60 ሜትር በላይ በሚረዝም ገመድ መሬትን እየለካ በጋሻ ይከፋፍል ነበር። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። በደቡብ ቀላድ በተጣለባቸው ቦታዎች ሰፊ መሬት ለመንግሥት፣ ለባለሥልጣናትና ለወታደሮች ተደልድሎ ብዙ ባለይዞታ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ስልኩን ይዞ ወደ አጥሩ ሲጠጋ «ይህ ለግብር ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ሊገርመው አይገባም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን ቢያስቀርም ለገበሬው ካርታ አልሰጠውም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በሌሎች ክልሎች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ልኬቱ በገመድና በሜትር፣ ወሰኑም በጎረቤት ምስክርነት ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንደገና ሲደራጁና የቡና ዩኒየኖች ሲቋቋሙ፣ የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት ለማግኘት የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት ግዴታ ሆነ። የውስጥ ተቆጣጣሪው የእያንዳንዱን አባል ማሳ በየዓመቱ እየጎበኘ ቅጽ ይሞላል፤ የማሳውንም ንድፍ በእጁ ይስላል። ወረቀቱ ዝናብ ይመታዋል፤ የአንድ አባል ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ይህን ሥራ ያልሠራ ሰው ድካሙን አያውቀውም።

የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ (ጂፒኤስ) መጀመሪያ የአሜሪካ ጦር መሣሪያ ነበር። ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ልክ የአነስተኛ ገበሬ ማሳ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ የጎረቤቱ ማሳ ላይ ባረፈ ነበር። ይህ ማዛባት በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ የቆመው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 መባቻ ነው።

መሣሪያውን ለመስክ ሠራተኛ የሚያመች ሶፍትዌር ግን ቀደም ብሎ በአፍሪካ ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊስ ሊበንበርግ ሳይበርትራከር የተባለውን ሥራ የሞከረው ማንበብና መጻፍ ካልተማሩ የአውሬ ዱካ አንባቢዎች ጋር ነው። ሰዎቹ በእጅ በሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ሥዕል እየነኩ ያዩትን ይመዘግቡ ነበር፤ ቦታውን ሳተላይት ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦፕን ዳታ ኪትም ቅጹን ወደ አንድሮይድ ስልክ አመጣው። ዋናው ጥቅሙ ኔትወርክ በሌለበት መሥራቱ ነው፤ የተሞላው ቅጽ ስልኩ ውስጥ ቆይቶ ከተማ ሲገባ ይላካል። ነጻ መሆኑም ለማኅበራት አቅም የተስማማ አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ጉዳዩን ከምስክር ወረቀት ወደ ገበያ ህልውና አሸጋገረው። ደንቡ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ቢራዘምም፣ ወደዚያ የሚላክ ቡና የበቀለበት ቦታ እንዲታወቅና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተጨፈጨፈ ደን ያልመጣ እንዲሆን ይጠይቃል። እስከ አራት ሄክታር ላለ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያው መሳል አለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከሰማይ ለሚያይ ሳተላይት በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ያለ ቡና ደን ሊመስለው ይችላል። አያት የተከሉት ማሳ በ2020 ካርታ ላይ «ደን» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ነጥቡ ብቻውን ገበሬውን ጨፍጫፊ ሊያስመስለው ነው። የማሳው ዕድሜና የጥላ ዛፎቹ ዓይነት በቅጹ ላይ ከፎቶግራፍ ጋር መስፈር የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ስልኩም ቢሆን በወፍራም ጥላ ሥር ጥቂት ሜትሮች ይስታል። ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ የሳለውን መስመር ከመላኩ በፊት ለባለማሳው ያሳያል፤ ወሰንተኛ ጎረቤቱንም ይጠራል።